ወንዝና ሐይቅን በጋራ መጠበቅ፦ ከየት ይጀመራል? እንዴትስ ይዘልቃል?

የጽዳት ዘመቻ ደስ ይላል። ቲሸርት ይታተማል፣ ከረጢት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ዝናብ ይጥላል፤ ዳርቻውም እንደነበረው ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የሚጸዳው ታች ሆኖ ሳለ ቆሻሻው የሚመጣው ከላይ ስለሆነ ነው።

ወንዝና ሐይቅ የሚታመሙት በአብዛኛው መሬት ላይ በሚሠራ ነገር ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አካፋና ከረጢት በማንሳት አይጀምርም። የሚጀምረው በእግር ጉዞ፣ በልኬትና በደብተር ነው። አሰልቺ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ደብተር የሌለው ቡድን ባለሥልጣን ፊት ሲቀርብ ያለው አቤቱታ ብቻ ነው፤ አቤቱታ ደግሞ ሁሉም ሰው አለው።

ደረጃ 1፦ ተፋሰሱን በእግር እወቁት

ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወርዶ ወደ እናንተ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚገባበት መሬት በሙሉ ነው። ወሰኑን የሚያበጀው አስተዳደር አይደለም፤ ተራራውና ኮረብታው ነው። ውሃ ወዲያና ወዲህ የሚከፈልበትን የከፍታ መስመር ከሳተላይት ካርታ ላይ ፈልጉና በእስክሪብቶ አስምሩት። ገባሮችን፣ ምንጮችን፣ ድልድዮችን፣ እርሻውን፣ ፋብሪካውን፣ የመኖሪያ መንደሩን ምልክት አድርጉ። ካርታው ማማር የለበትም፤ እናንተ ካነበባችሁት በቂ ነው።

ከዚያ ከታች ተነስታችሁ ወደ ላይ ሂዱ። ቢቻል ሁለት ጊዜ፦ አንዴ በደረቁ ወራት፣ አንዴ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን። የመጀመሪያው ጎርፍ ለወራት መንገድና ግቢ ላይ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ስለሚወርድ ብዙ ነገር ያጋልጣል።

የደረቁ ጊዜ ጉዞ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። ዝናብ ካቆመ ሦስት ቀን ያህል ጠብቁና የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦዎችን አፍ እዩ። ደረቅ መሆን ነበረባቸው። ውሃ የሚያንጠባጥቡ ከሆነ ወይ የከርሰ ምድር ውሃ እየገባ ነው፣ ወይ የመጠጥ ውሃ መስመር ፈንድቷል፣ ወይ ደግሞ አንዱ ፍሳሹን በስውር ቀጥሎበታል። ሽታውንና አረፋውን መዝግቡ። ከቱቦው በታች ድንጋዮቹ ላይ እንደ ቆሸሸ ጥጥ ያለ ግራጫ ነገር ተለጥፎ ካያችሁ፣ የሽንት ቤት ወይም የምግብ ማቀነባበሪያ ፍሳሽ መሆኑን በእርግጠኝነት ባይሆንም በብርቱ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ሽፋን ካያችሁም ወዲያው «ዘይት ነው» አትበሉ። በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ ስስ ብርጭቆ ተሰባብሮ ከተለያየ ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች የፈጠሩት የተፈጥሮ ነገር ነው። ተመልሶ ከተገጣጠመ ዘይት ወይም ነዳጅ ነው። ይህን አለማወቅ ያለጥፋቱ ጋራዥ መክሰስን ያስከትላል።

በጉዞው ላይ የምታዩትን ሁሉ በፎቶና በቦታው ስም ያዙ፦ ቦረቦር፣ ከብት የሚወርድበት መንገድ፣ መኪና የሚታጠብበት ቦታ፣ አሸዋ የሚወጣበት ቦታ። አሸዋ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ግን የወንዙን ወለል ዝቅ ያደርጋል፣ ዳርቻውን ይንዳል፣ የድልድይ እግር ያጋልጣል።

ደረጃ 2፦ ማን ይግባ?

ላይኛውም ታችኛውም። ታች ያሉት ብቻ ሆነው የሚያቋቁሙት ቡድን ቶሎ የቅሬታ ማኅበር ይሆናል። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ከብት አርቢው፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ የሳይንስ መምህር፣ ውሃ የሚጠቀመው ድርጅት ሁሉም ቦታ ይኑራቸው። «በካዩን እንዴት እንጠራለን?» የሚል ሰው አይጠፋም። በካዩ ከክፍሉ ውጭ ሆኖ የተወሰነ ደንብ እሱን አያስረውም፤ መልሱ ይኸው ነው።

ዓሣ አጥማጆችን በተለይ ቀድማችሁ አናግሩ። ውሃው መቼ እንደደፈረሰ፣ የትኛው የዓሣ ዓይነት መቼ እንደጠፋ፣ የድሮው ዳርቻ የት ድረስ እንደነበር ያውቃሉ። የነገሯችሁን ጻፉት፤ የመጀመሪያው የደብተራችሁ ገጽ ይሁን።

የአካባቢውን የውሃና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ከመጀመሪያው አሳውቁ። ናሙና ለመውሰድም ሆነ ዳርቻ ላይ ለመትከል ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። በኋላ «ማን ፈቀደላችሁ?» ከመባል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ መለካት ጀምሩ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ የሥራው እምብርት ይህ ነው።

ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ቋሚ ቦታዎች ምረጡ። አንዱ ከችግሩ በላይ፣ አንዱ ልክ ከታቹ፣ አንዱ ራቅ ብሎ ይሁን። ከላይ ያለው ቦታ ከሌላችሁ «የእኛ ወንዝ ድሮም እንዲህ ነው» ለሚል ሰው መልስ አይኖራችሁም።

*የውሃው መጥራት በዓይን።* ለሐይቅ ከሁሉ የሚቀለው መሣሪያ ሴኪ ዲስክ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከሞከረው ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከአንጄሎ ሴኪ ነው። እስካሁን በዓለም ዙሪያ ያገለግላል። ራሳችሁ ሥሩት፦ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ክዳን፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ከሥሩ ክብደት ያለበት፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው የማይለጠጥ ገመድ የታሰረ። በጀልባው ጥላ በኩል፣ ፀሐይ ከፍ ባለችበት፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ከዓይን ሲሰወር ገመዱን ያዙና ልኩን ጻፉ። ወደ ላይ ስባችሁ እንደገና ሲታይም ጻፉ። የሁለቱ አማካይ የዕለቱ ልኬት ነው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ውሃው ጠርቷል ማለት ነው። የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው አይለካ።

*የወንዝ ፍሰት።* ቀጥ ያለ ቦታ ፈልጉና በዳርቻው 10 ሜትር ለኩ። ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ እንጨት መሃል ላይ ጣሉና በስልክ ሰዓት ያዙ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ወንዙ 4 ሜትር ሰፍቶ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ከሆነ ስፋት ሲባዛ በጥልቀት 1.2 ይመጣል። 1.2ን በ0.5 አባዙ። ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ከላይኛው ስለሚዘገይ ውጤቱን እንደገና በ0.85 አባዙት። በሰከንድ 0.51 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ማለትም በሰከንድ 510 ሊትር ገደማ። ይህ ቁጥር ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ ልክ አልፏል ወይስ አላለፈም በሚል ክርክር ላይ ወርቅ ነው።

*ትንንሾቹ ነዋሪዎች።* የኬሚካል ናሙና የሚነግራችሁ ያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ፍሳሹን ሌሊት የሚለቅ ሰው ቀን በምትወስዱት ናሙና አይያዝም። ድንጋይ ሥር ለወራት የሚኖሩት ነፍሳት ግን ያጋልጡታል። ውሃው ጎረብረብ እያለ በሚወርድበት ቦታ ወንፊት መረብ ከታች ያዙ፤ ከላዩ ድንጋዮቹን በእግር አንቀሳቅሱ። የወጣውን ውሃ ባለበት ነጭ ሳፋ ውስጥ ገልብጡና ትንሽ ጠብቁ። ጭቃው ይረጋል፣ ሳፋው መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ሜይፍላይ የሚባለው እጭ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው፤ ሆዱ ዳርና ዳር ላይ የሚርገበገቡ ቅጠል የመሰሉ መተንፈሻዎች ይታያሉ። ስቶንፍላይ ሁለት ጭራ አለው። ካዲስፍላይ ከአሸዋና ከስንጥር ቤት ሠርቶ በውስጡ ይኖራል፤ ሳፋው ውስጥ ስንጥር ሲራመድ ካያችሁ እሱ ነው። ሦስቱም ኦክስጅን ያልጎደለበት ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ። እነሱ ጠፍተው ቀይ ትልና አልቅት ብቻ ከቀሩ ውሃው ተጎድቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በብዙ ሞቃታማ አገሮች ስቶንፍላይ በተፈጥሮው ጥቂት ስለሆነ እሱ በመጥፋቱ ብቻ አትደንግጡ። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ሁሉንም ወደ ውሃው መልሱ።

*ኦክስጅን።* መለኪያ ኪት ካገኛችሁ ጎህ ሲቀድ ለኩ። አልጌ፣ ማለትም ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ፍጡር፣ ቀን ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ደግሞ እንደማንኛውም ፍጡር ይጠቀማል። እኩለ ቀን ላይ ጤነኛ የመሰለ ሐይቅ ንጋት ላይ ታፍኖ ሊገኝ ይችላል። በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ብዙ ዓሦች ይቸገራሉ፤ ከ2 በታች ከወረደ የሚችለው ይሸሻል፣ የማይችለው ይሞታል።

*ባክቴሪያ።* ይህ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ናሙናውን አለማበላሸት ነው፦ የጸዳ ጠርሙስ፣ የክዳኑን ውስጥ አለመንካት፣ አፉን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሮ ከውሃው ገጽ ዝቅ አድርጎ መሙላት፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ማስቀመጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረስ።

ሁሉም ልኬት አንድ ደብተር ላይ ይግባ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያለፉት ቀናት ዝናብ፣ የለካው ሰው፣ ቁጥሩ። ቁጥሩ ግራ ቢያጋባም አትሰርዙት፤ ከጎኑ «እንግዳ» ብላችሁ ጻፉና ነገ ድገሙት።

ስለ ደኅንነት አጭር ቃል። ብቻውን ማንም አይለካ። በፍጥነት የሚፈስና ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ባዶ እግር ክልክል ነው፤ ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ቆዳ በስቶ ይገባል። ረጅም ቦት ጫማና ጓንት ይኑር።

ደረጃ 4፦ ምክንያቱን ለዩ

ውሃው አረንጓዴ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አልጌን የሚመግበው ፎስፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ተመራማሪዎች ቁጥር 226 የተባለውን ትንሽ ሐይቅ በፕላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ጎን ላይ ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። ሌላው ጎን ላይ እነዚያኑ ጨምረው ፎስፈረስ አከሉበት። ፎስፈረስ ያገኘው ጎን አረንጓዴ ሲሆን ሌላው እንዳለ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ ከብዙ ሪፖርት በላይ አሳመነ። ፎስፌት (የፎስፈረስ ውህድ) ያለበት የልብስ ሳሙና በብዙ ቦታ እንዲከለከል ባደረገው ክርክር ውስጥም ድርሻ ነበረው።

እንግዲህ ፎስፈረሱ ከየት ይመጣል? ከማዳበሪያ፣ ከእበት፣ ከሽንት ቤት፣ ከሳሙና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታጥቦ ከሚወርድ አፈር ጋር ተጣብቆ። ለዚህ ነው ደለልንና አልጌን እንደ ሁለት ችግር ማየት የማያዋጣው።

አረንጓዴው እንደ ፈሰሰ ቀለም ከሆነና ሽታ ካለው ሰውም ከብትም አርቁ። ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ፣ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል። ውሃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ኤሪ ሐይቅ ዳር ያለችው ቶሊዶ ከተማ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ከ400 ሺህ ለሚበልጥ ሰው ለሦስት ቀን ያህል «የቧንቧ ውሃ አትጠጡ» ያለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ሥራው ከዳርቻውና ከላዩ ይጀምር

አሁን አካፋ ማንሳት ይቻላል።

ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ የማይታረስ ቀጠና አስከብሩ። 30 ሜትር ቢገኝ እሰየው፤ 10 ሜትርም ከምንም ይሻላል። ከእርሻው በኩል ጥቅጥቅ ያለ ሣር ይሁን፣ ጎርፉን ያበርደዋል፣ አፈሩንም ያስቀራል። ቀጥሎ ቁጥቋጦ። ውሃው ዳር ደግሞ ሥሩ ዳርቻውን የሚይዝና ጥላ የሚሰጥ አገር በቀል ዛፍ። ባህር ዛፍ እዚህ ቦታ የለውም፤ ቶሎ ያድጋል፣ ውሃም በብዛት ይጠጣል።

ሥራው መትከል ሳይሆን ማጽደቅ ነው። እያንዳንዱ ቦታ የሚጠብቅና የሚያጠጣ ሰው በስም ይያዝለት፤ ከብት እንዳይገባ ይታጠር፤ በቀጣዩ በጋ የጸደቀው ተቆጥሮ በደብተሩ ይግባ። የተተከለውን ብቻ የሚቆጥር ቡድን ራሱን ነው የሚያታልለው።

ከብትን «አትምጣ» ማለት አይሠራም፤ ይጠማል። ውሃውን ወደ እሱ አምጡለት። ከወንዙ ራቅ ያለ ገንዳ ሥሩ፣ ካልሆነም በድንጋይ የተነጠፈ አንድ መውረጃ ብቻ ተዉና ሌላውን ዝጉ። ዳርቻው ሲረጋጋ ልዩነቱ ቶሎ ይታያል።

ላይኛው ተዳፋት ላይ ደግሞ አግድም ማረስ፣ እርከን፣ ቦረቦሩ ላይ ክትር። ክትር ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ይሠራ፤ የላዩ ሳይበርድ የታቹ ጎርፉን አይችለውም።

ረግረግ ካለ አትንኩት። «ባዶ መሬት ነው» ተብሎ የሚደርቀው ረግረግ ደለል ያስቀር፣ ጎርፍ ይይዝ፣ በደረቁ ወራትም ቀስ እያለ ውሃ ይለቅ የነበረ ነው። ወንዝ ማቅናትም እንደዚሁ ነው። ጠመዝማዛው ወንዝ ሲቀና ውሃው ይፈጥናል፣ ችግሩም ታች ያለው ጎረቤት ደጃፍ ይሄዳል።

እንቦጭ ለገባባቸው ትንሽ ልጨምር። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣናንም ቪክቶሪያንም ያስቸገረው ያው ተክል ነው። በሚመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ከማበቡ በፊት ንቀሉ። የነቀላችሁትን ዳር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ውሃው ከፍ ሲል ይመልሰዋል። ጎርፍ ከማይደርስበት አውጡና አድርቁ። ጀልባና መረብ ወደ ሌላ ውሃ ከመሄዱ በፊት ይታጠብ። ከላይ የሚመጣው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ካልቀነሰ ግን ነቀላው የማያልቅ ሥራ ነው።

የጽዳት ዘመቻም ቦታው እዚህ ነው። የወጣውን ለዩ፣ መዝኑ፣ ጻፉ። ግማሹ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ከሆነ የምታነጋግሩት ሰው ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ የራሳችሁን ደንብ አውጡ

ኤሊኖር ኦስትሮም በጋራ የሚጠቀሙበትን ሀብት ሰዎች ራሳቸው እንዴት እንደሚያስተዳድሩ ስታጠና ኖራ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከግኝቶቿ ለእናንተ የሚጠቅሙትን ላንሳ። ማን ተጠቃሚ እንደሆነና ወሰኑ የት እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ደንቡን የሚያወጡት የሚመለከታቸው ሰዎች ይሁኑ። የሚቆጣጠረው ለእነሱ ተጠሪ ይሁን። ቅጣቱ በመጀመሪያው ጥፋት ቀላል ሆኖ እየተደጋገመ ሲሄድ ይክበድ። ጠብ ሲነሳ በቅርብና በርካሽ የሚፈታበት ቦታ ይኑር።

የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይምሰላችሁ። ስፔን ውስጥ በቫሌንሲያ ከተማ የመስኖ ውሃ ክርክር የሚሰማ ጥንታዊ ሸንጎ አለ። ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ይሰየማል። ዳኞቹ ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው፣ ክርክሩ በቃል ነው፣ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። ለዘመናት የዘለቀው ቅርብና ፈጣን ስለሆነ ይመስለኛል። እናንተም ቋሚ ቀንና ቋሚ ቦታ ወስኑ። «ሲያስፈልግ እንሰበሰባለን» ያለ ኮሚቴ አይሰበሰብም።

ገንዘብ ካለ የሚይዘው ሌላ፣ የሚፈርመው ሌላ ይሁን። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 7፦ በቁጥር ተሟገቱ

ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ነገር አለ፤ የከተማ ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ልቀት፣ ትልቅ መስኖ። እዚህ ላይ ደብተሩ ይወጣል። አንድ ገጽ ብቻ አዘጋጁ፦ የቦታው ካርታ፣ ከላይና ከታች የተለካው ቁጥር ጎን ለጎን፣ ሁለት ፎቶ፣ አንድ ጥያቄ። አሥር ጥያቄ ይዞ የሚሄድ የአንዱንም መልስ አያገኝም። ፋብሪካው ጋ ቀድማችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋዜጣ ላይ ካየው የሚመልስላችሁ በጠበቃ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ በዙሪያው ካሉ ከተሞች በሚገባ ፍሳሽ ተበክሎ ነበር። ሳይንቲስቶች መረጃውን ለሕዝብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1958 ነዋሪው ፍሳሹን የሚያስወግድ የጋራ ተቋም ይመሥረት ወይ አይመሥረት ተብሎ ድምፅ ሰጠ። የመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። ሐሳቡ ተቀንሶ በዚያው ዓመት እንደገና ቀረበና አለፈ። ፍሳሹ ከሐይቁ የተለየው ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ነው። ሴኪ ዲስኩ ከ1 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ይሰወርበት የነበረው ውሃ ጠራ።

ያ ሐይቅ ቶሎ ነው ያገገመው። ሁሉም እንደዚያ አይሆንም። የኤሪ ሐይቅ ውሃ ተተክቶ ለመታደስ ወደ 2.6 ዓመት ይፈጅበታል፤ የሱፐሪየር ሐይቅ ግን ከ190 ዓመት በላይ። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ወለሉ ላይ የተጠራቀመው ፎስፈረስ ከውጭ የሚገባው ከቆመም በኋላ ለዓመታት እየተለቀቀ አልጌውን ይመግባል። ስለዚህ የምትጠብቁት ሐይቅ ከሆነ የዓመቱን ሪፖርት በገባር ወንዞቹ ልኬት ጀምሩት። የሚገባው ደለል መቀነሱ፣ ሜይፍላይ መመለሱ፣ ቱቦው መድረቁ እዚያ ነው ቀድሞ የሚታየው። የሐይቁን የሴኪ ልኬት ከኋላው አስቀምጡ፤ ከአምናው ጋር በአንድ ሠንጠረዥ።